የቅንጭብ አጥርና የቤታችን ጤና

እናቶቼ፣ ዛሬ የማወራችሁ ስለ ቅንጭብ አጥር ነው። «አጥር ለጤና ምኑ ነው?» አትበሉኝ። በ2006 ዓ.ም. ድሬዳዋን ያስጨነቃት የደንጊ ትኩሳት የሚተላለፈው በቀን በምትነድፍ ቢምቢ ነው፤ እርሷም የምትራባው በበርሜል፣ በጣሳና በአሮጌ ጎማ ውስጥ በተጠራቀመ ውሃ ነው። ያልተከረከመ አጥር ጣሳውንም ጎማውንም ይሸሽግላታል።

ስለዚህ ጫፍ ጫፉን ቁረጡት፤ ከጎን እያቆጠቆጠ ይጠቀጠቃል። ከላይ ጠበብ፣ ከታች ሰፋ ይበል፤ ፀሐይ ያጣ እግሩ ይራቆታልና። በሳሳው ቦታ ከቆረጣችሁት ዘንግ ጥቂት ቀን በጥላ አድርቃችሁ ትከሉበት። ከሥሩ የተገለጠውን ጣሳ የዚያኑ ቀን ልቀሙ።

ወተቱን ግን ፍሩት! ዓይን ክፉኛ ያቃጥላል፤ እኔም በልጅነቴ አልቅሼበታለሁ። ልጆችን አርቁ፣ እጃችሁንም በሳሙና ታጠቡ። ዓይን ከገባ ወዲያው በብዙ ንጹሕ ውሃ አጥባችሁ ሳትዘገዩ ጤና ጣቢያ ኑ።