ጀልባ በአየር ጤና
(በተመራቂዎች የግንኙነት ቀን የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ጡረታ ከወጣህ ወዲህ ምን ትሠራለህ?» ብለው ሲጠይቁኝ «ጀልባ እጠግናለሁ» አልኳቸው። የት? አየር ጤና። ሳቁ። የሰፈሬ ሰውም ያው ነው፤ ሐምሌ ዝናቡን ሲያወርደው በአጥሩ ላይ እያዩ «ኖኅ፣ ስንት ቀን ቀረን?» ይሉኝ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሐዋሳ የሚኖር የእህቴ ልጅ በዕቁብ ገንዘብ አንዲት ያረጀች የፋይበርግላስ ጀልባ ገዛ። ቢሾፍቱ አንድ ግቢ ውስጥ አፏን ወደ ሰማይ ከፍታ ለዓመታት ዝናብ ስትጠጣ የኖረች ናት። ርዝመቷ 5 ሜትር ተኩል፣ የምትጭነው ስምንት ሰው። ፍቅር ሐይቅ ላይ ጎብኚ ሊያመላልስባት አስቧል። ሰኔ መጨረሻ በአይሱዙ አምጥቶ ግቢዬ አወረዳትና «ጋሼ፣ ለእንቁጣጣሽ ትድረስልኝ» ብሎኝ ሄደ።

ፋይበርግላስ አይበሰብስም ይባላል። እውነት ነው፤ የሚበሰብሰው ውስጡ የተደበቀው እንጨት ነው። ሞተሩ የሚታሰርበት የኋላ ግድግዳ በሁለት የፋይበርግላስ ንብርብር መሐል ኮምፔርሳቶ አለው። ውሃው በብሎን ቀዳዳ ይገባል፤ መውጫ ግን የለውም። በመዶሻ እጀታ መታ መታ ሳደርጋት ጎኗ ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠኝ፤ ኋላዋ ግን እንደ ረጠበ ካርቶን ዱብ ዱብ አለ።

ልጁ ይህን በስልክ ስነግረው «ጋሼ፣ በስቱኮ ደፍነን ቀለም ብንቀባው እኮ አይታይም» አለኝ። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ዕቁቡን ገና እየከፈለ ነው። ግን ያ ግድግዳ የሚሸከመው የሞተሩን ክብደት ብቻ መስሏችሁ እንዳይሆን፤ ሞተሩ የሚገፋው ኃይል በሙሉ ወደ ጀልባዋ የሚያልፈው በእሱ በኩል ነው። ሐይቁ መሐል ላይ ቢገነጠልስ? ዋና የማይችል አባት ከነልጁ ተቀምጦባታል። «ቆርጠን እናወጣዋለን» አልኩት። ተኳረፍን፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ አልደወለም።

ዋናው ጠላቴ ክረምቱ ነበር። ሬዚን እንደ ቀለም ተንኖ አይደርቅም። ሃርድነር ሲገባበት በውስጡ ያለው ስታይሪን የፖሊስተሩን ሰንሰለቶች እርስ በርስ ያስራቸዋል፤ ሙቀትም ይሰጣል። ከ15 ዲግሪ በታች ግን ይህ ሥራ ይንቀራፈፋል፤ እርጥበት ካለ ደግሞ መስታወቱና ሬዚኑ በደንብ አይያያዙም። የእኛ ሰፈር ከፍ ያለ ቦታ ነው፤ በነሐሴ ሌሊት 10 ዲግሪ አካባቢ ይወርዳል። ስለዚህ ከአጠና ተራ አጠና አምጥቼ ድንኳን አቆምኩ፣ በሸራ ሸፈንኩት፣ ሌሊት አራት አምፖል አበራሁበት። ጠዋት አምፖሉን አጥፍቼ፣ ሸራውን ገልጬ፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት ጀምሮ እስከ ቀትር እሠራለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ የራሱ ነው። የሬዚኑ ጣሳ እንዳይቀዘቅዝ ሳሎን ያድር ነበር። ባለቤቴ ስለዚህ ጉዳይ ያለችውን እዚህ አልደግመውም።

የከሰል ማንደጃ ድንኳን ውስጥ እንዳታስገቡ፤ የስታይሪን ትነት በእሳት ይያያዛል። ሃርድነርና ኮባልት ለብቻቸው ከተቀላቀሉ ይፈነዳሉ፤ ኮባልቱ አስቀድሞ ከሬዚኑ ጋር መዋሃድ አለበት። ሃርድነር ዓይን ውስጥ ከገባ ደግሞ ሊያሳውር ይችላል፤ መነጽር ያስፈልጋል።

የበሰበሰውን እንጨት በመሮ ፈልፍዬ ካወጣሁ በኋላ ዛጎሉ እስኪደርቅ ሦስት ሳምንት ጠበቅሁ። መፈተሻው ቀላል ነው፦ ላስቲክ ትለጥፋላችሁ፣ ዙሪያውን በፕላስተር ታሽጋላችሁ፤ በማግስቱ ላስቲኩ ውስጡ ካላበው አልደረቀም ማለት ነው። የጣና ሰው ይህን ድሮ ያውቀዋል፤ የደንገል ታንኳውን ከሥራ በኋላ ዳር አውጥቶ ያደርቃታል እንጂ ውሃ ላይ ትቷት አያድርም።

እንጨቱን የሠራሁት ሁለት ባለ 18 ሚሊሜትር ኮምፔርሳቶ አጣብቄ ነው። አሮጌ ፖሊስተር ከአዲሱ ጋር በኬሚስትሪ አይዋሃድምና ጠርዙን በግራይንደር ሰፊ አድርጌ አሳሳሁት፤ ለ1 ሚሊሜትር ውፍረት 12 ሚሊሜትር ተዳፋት።

ኮልፌ ውስጥ የሚኒባስ መከላከያ በፋይበርግላስ የሚሠራ አንድ ባለሙያ ሊያግዘኝ መጣ። እኔ ሚዛን ይዤ ለአንድ ኪሎ ሬዚን 15 ግራም ሃርድነር ስለካ እሱ በለስላሳ ቆርኪ ይሰፍራል። ሳቅኩበት። ከዚያ ቆርኪውን አሥር ጊዜ መዘንኩበት፤ ልዩነቱ ግማሽ ግራም አልሞላም። «ኢንጂነር፣ ሰዓትህን ተወውና በጥፍርህ ጫን አርገው» አለኝ። እውነትም ሬዚኑ መቼ እንደሚይዝ ከእኔ ቀድሞ ያውቅ ነበር። መምህራኖቻችን፣ ተማሪዎቻችሁን ለአንድ ሳምንት ወደ እንደዚህ ያለ ሰው ጋራዥ ብትልኩ ምን ይመስላችኋል? እሱም ቢሆን ስለ ኮባልቱ የነገርኩትን ሲሰማ ደንግጦ ሁለቱን ጠርሙስ በማግስቱ ለያይቶ አስቀመጠ።

እንቁጣጣሽ አለፈ፣ መስቀልም አለፈ። ልጁ የበዓሉን ገበያ አጣ። ሁለት ዙር ዕቁቡን እኔ ከፈልኩለት፤ እናቱ እንዳትሰማ። ጥቅምት ላይ ሊወስዳት መጣ፤ ከግድግዳው ያወጣሁትን እንጨት በጆንያ አስቀምጬለት ነበር። አንዱን ቁራጭ አንስቶ ሲጨምቀው ውሃ በጣቶቹ መሐል ወረደ። ምንም አላለም። ጀልባዋን ግን ራሱ በገመድ አሰራት፤ ሹፌሩን እንዲነካት አልፈቀደለትም።

አንድ ነገር ይቀራል። ሐዋሳ ሐይቅ ወደ 1,700 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ አንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ባለ 40 ፈረስ ጉልበት ሞተር እዚያ 33 ገደማ ቢሰጥ ነው። ስለዚህ ፒቹ ዝቅ ያለ ፕሮፔለር እየፈለግን ነው፤ የሚያውቅ ካለ በሻይ ሰዓት ያናግረኝ።

በየቀኑ ከደባለቅሁት ሬዚን አንዳንድ ቁራጭ ናሙና እሠራ ነበር፤ ቀኑና ሙቀቱ ተጽፎበታል። በር አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ አሉ። የላብራቶሪ ሰዎች ወስዳችሁ ስበሯቸው፤ ነሐሴ 9 የሚለውን ግን አስቀድሙ፣ ያን ቀን በጣም በርዶ ነበር።