ስለ ማርክ መዝገብና ስለ ማክሮ



እ.ኤ.አ. በ2023 በካርቱም ጦርነት ሲነሣ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። የማርክ መዝገቡን በፍላሽ ይዞ ለተሰደደ መምህር፣ ድምርና ደረጃ የሚያወጣው ማክሮ በሌላ ኮምፒዩተር በትክክል መሥራቱ የተማሪዎቹ ዕድል ጉዳይ ነው።

ማክሮን የሚያሰናክሉት በተለይ ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛ፣ ከ2007ቱ ኤክሴል ጋር የመጣው «ኤክስኤልኤስኤክስ» የተባለ የፋይል ዓይነት ማክሮ አይዝም፤ ስለዚህ አሮጌው መዝገብ «ኤክስኤልኤስኤም» ተብሎ ይቀመጥ። ሁለተኛ፣ በ2010 በመጣው ባለ64 ቢት ኤክሴል፣ የዊንዶውስን ተግባር የሚጠራ የ«ዲክሌር» መስመር «ፒቲአርሴፍ» የሚል ቃል ካልተጨመረበት አይሠራም፤ የማስታወሻ አድራሻ የሚይዘውም «ሎንግ» ወደ «ሎንግፒቲአር» ይለወጥ።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን ዋናው ፋይል ሳይነካ ቅጂው ይታረም። ከዚያም የጥቂት ተማሪዎችን ድምር በእጅ አስልተን እናመሳክር፤ የማሽኑ ዝምታ ለትክክለኛነቱ ምስክር አይሆንምና።