ለሚያጠቡ ሠራተኛ እናቶች እንድረስላቸው



ጎሕ ሲቀድ ከደሴ ተነሥተው ኮምቦልቻ ፋብሪካ የሚገቡ አራስ እናቶች በየሰፈራችን አሉ። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከወሊድ በኋላ ፈቃዳቸው 90 ቀን ነው። ሐኪሞች ግን ሕፃን እስከ 6 ወር ከእናት ጡት ሌላ ውኃ እንኳ አይቅመስ ይላሉ። ታዲያ የቀረውን 3 ወር ማን ይሙላው?

«ውኃ ይጠማዋል፣ አብሽ ይቅመስ» የሚለው ምክር ይቅር። እናትየው ወተቷን በእጇ አልባ ክዳን ባለው ንጹሕ ዕቃ ብታኖረው፣ ቀዝቀዝ ባለ ክፍል ለ4 ሰዓት ያህል ሳይበላሽ ይቆያል። አያት ወይም ጎረቤት በፈላ ውኃ በተቀቀለ ሲኒ ታጠጣዋለች፤ ጡጦም አያስፈልግ።

ሰው ሲሞትብን ድንኳን እንደምንተክል ሁሉ፣ ሲወለድልንም እንድረስ። ሕፃን የሚይዙ እናቶችን ከየሰፈሩ እንምረጥ እንላለን።