ነዳጅ ሲሰጠው የሚያመነታ አሮጌ ፒክአፕ፤ የኮሶዬ ዳገት ምሳሌ



ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ደባርቅ የሚጓዝ አሽከርካሪ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደ ሄደ ኮሶዬን ያገኛል። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ከፍ ይላል። ዕቃ የጫነ አሮጌ ፒክአፕ በዚህ ዳገት ላይ ሌላ መኪና ለመቅደም ነዳጅ ሲሰጠው ለአንድ አፍታ ቢያመነታ፣ ያች አፍታ ከፊት ለፊት ከሚመጣ ተሽከርካሪ ጋር ልታላትመው ትችላለች። ስለዚህ የጉድለቱን ምክንያት ለይቶ ማወቅ የገንዘብ ብቻ ሳይሆን የሕይወትም ጉዳይ ነው።

ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ በአየሩ መሳሳት ይላከካል። ስሌቱ ግን ይህን አይደግፍም። የአየር ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ጋር ሲነጻጸር ጎንደር ላይ 77 በመቶ፣ ኮሶዬ ላይ 71 በመቶ ያህል ነው። ጎንደር ላይ በሚገባ የተስተካከለ ካርቡራተር ኮሶዬ ሲደርስ ድብልቁ በነዳጅ የሚበዛው 4 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ከዚህም በላይ ከፍታ የሚቀንሰው ኃይል በጉዞው ሁሉ አብሮ ይዘልቃል፤ ማመንታት ግን ፔዳሉ በተረገጠበት ቅጽበት ታይቶ ይጠፋል። ሁለቱን ያልለየ ባለሙያ ደኅናውን ዕቃ አውጥቶ አዲስ ያስገዛል።

ምርመራው ወጪ ከማይጠይቀው ይጀምራል። ፔዳሉ ድንገት ሲረገጥ አየር ወዲያው ይገባል፤ ቤንዚን ግን ከአየር ስለሚከብድ ይዘገያል። ይህን ክፍተት የምትሞላው በካርቡራተሩ ውስጥ ያለችው ትንሽ ፖምፓ ናት። ሞተሩ ጠፍቶ ከቀዘቀዘ በኋላ የአየር ማጣሪያው ይነሣና የካርቡራተሩ ዘንግ በእጅ ይገፋል፤ የቤንዚን ፍንጣቂ በዚያው ቅጽበት መታየት አለበት። ካልታየ ወይም ከዘገየ ፖምፓዋ ደክማለች፣ አለዚያም ቀዳዳዋ ተደፍኗል።

ፍንጣቂው ደኅና ከሆነ ወደ እሳቱ ይታለፋል። ወደ ዲስትሪቢዩተሩ የሚገባው የአየር ቱቦ ሲሳብ የውስጡ ሳህን መንቀሳቀስና ሳቡ እስኪለቀቅ ባለበት መቆየት ይገባዋል። ካንዴላውም ይመሰክራል፤ ጥላሸት ከለበሰ ነዳጅ በዝቷል ወይም የአየር ማጣሪያው ታፍኗል፤ ከነጣ ነዳጅ አንሷል ወይም ያልተፈለገ አየር ይገባል። ጉድለቱ የሚታየው ግን ረጅም ዳገት ከተወጣ በኋላ ከሆነ፣ የነዳጁን ፊልትሮ፣ ዋናውን ፖምፓና የጋኑን መተንፈሻ መመርመር ይበጃል።

በመጨረሻም አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ለኮሶዬ ሲባል ነዳጁ እጅግ የተቀነሰበት መኪና ወደ መተማ ቆላ ሲወርድ ድብልቁ ይሳሳል፤ ሞተሩ ይግላል፤ ማመንታቱም ይብሳል። የሁለቱንም አገር መንገድ የሚመላለስ መኪና በመካከለኛው ከፍታ፣ በጎንደር፣ ሊስተካከል ይገባዋል። ተራራው የተደበቀውን ጉድለት ይገልጣል እንጂ አይፈጥረውም፤ ምክንያቱን ፈልጎ ማግኘት የባለሙያው ፈንታ ነው።