ከላይ እሳት፤ ከታች እሳት
(በመቱ በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ ዳቦ ነው። አንዳንዶቻችሁ ስትስቁ አያለሁ፤ ነገር ግን እዚህ ካለነው መካከል የእናቱን ድፎ በሻንጣው ይዞ ያልመጣ ጥቂት ነው።

በመቱ፥ በጎሬና በበደሌ ዙሪያ ገበሬው አብዝቶ የሚያመርተው በቆሎና ማሽላ ነው። የበቆሎ ሊጥ እንደ ስንዴ ተለጥጦ አየር አይዝም፤ ስለዚህ በአዘቦት ቀን በምጣዱ ላይ፥ በኦሮምኛ ኤሌ በምንለው፥ ቂጣ ይጋገራል። ስንዴው ከገበያ የሚሸመት ስለሆነ ድፎ የበዓልና የእንግዳ ነው። ሊጡ በእርሾ ቦክቶ ያድራል፤ በማግሥቱ ምጣዱ ላይ የኮባ ቅጠል ይነጠፋል፤ ሊጡ ይገለበጥበታል፤ በቅጠል ተሸፍኖ ይከደንና ከክዳኑ በላይ ፍም ይጫንበታል። ቅጠሉ እርጥበቱን ስለሚይዝለት ዳቦው ሳያር ይበስላል፤ መዓዛውንም የሚሰጠው እርሱ ነው። (ስሙን ከጣሊያን የወረሰው የፉርኖ ዳቦ ይህ መዓዛ የለውም። ፍርዱ የእኔ ነው።)

የሚገርመው፥ የአየርላንድ ባላገርም እንዲሁ ያደርግ ነበር። ሊጡ ባለ ሦስት እግር የብረት ድስት ውስጥ ይገባና በክዳኑ ላይ የደረቀ የረግረግ አፈር ፍም ይከመርበታል። ልዩነቱ እርሾው ላይ ነው፤ ከ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ወዲህ የአየርላንድ ሴት ሊጡን በአሬራና በሶዳ ስለምታነሣ ሌሊቱን መጠበቅ አላስፈለጋትም። የእኛ እናት ግን ማታ አቡክታ፥ ጎሕ ሳይቀድ እሳት ታነዳለች።

ነገሩ እዚህ ላይ ነው። የኢሉባቦር ዝናብ ብዙ ወራት ስለሚቆይ እንጨቱ እርጥብ ነው፤ እርጥብ እንጨት ደግሞ ይጨሳል። ያንን ጢስ የምትምገው እናት ብቻ አይደለችም፤ አጠገቧ ቆማ ፍም የምታቀብለው ልጅም ናት። በዓል በደረሰ ቁጥር እኔ ደብተሬን ይዤ ስወጣ እኅቴ ዓይኗን እያሸች ትቀር ነበር። ትልቁን ቁራሽ የምወስደው ግን እኔ ነበርሁ።

ምርጥ የሚባለው የሲሚንቶ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቀንሳል። ነገር ግን የተሠራው ለእንጀራ ነው፤ የላዩን እሳት አያውቅም። የምህንድስና ተማሪዎች ሆይ፤ ለድፎ የሚሆን፥ ጢሱን ከቤት የሚያስወጣ ምድጃ ሠርታችሁ አሳዩን። ለሙከራው ሊጡን ለማቡካት ስሜን በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት አስመዝግቤአለሁ። እስከ ዛሬ ጧት ድረስ ከወንዶች የተመዘገብሁት እኔ ብቻ ነኝ።