የጋራ ግድግዳና የጎረቤት እንቅልፍ

(በጅቡቲ ከተማ ለወገኖቻችን ስብሰባ የቀረበ ንግግር)



እንድናገር የተጠየቅሁት በሁለት መኝታ ክፍሎች መካከል ስላለው ግድግዳ ነው። ጉዳዩ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ሌሊቱን ወደብ ላይ ጭነት ሲሸከም አድሮ ቀን የሚተኛውን ሰው፣ ወይም ሕፃን የታመመባትን እናት ጠይቁ። በባልባላም ሆነ በሌሎቹ ሠፈሮች ብዙዎቻችን የምንኖረው በቆርቆሮና በጣውላ ቤት ነው። የጎረቤት ሳል እንኳ ይሰማል።

ከራሴ ልጀምር። ሙያዬ አናጢነት ነው። እዚህ እንደመጣሁ ከአንድ ጎረቤቴ ጋር ተጣላሁ። እሱ ማታ ማታ ራዲዮ ይከፍታል፤ እኔ በንዴት ግድግዳውን እደበድባለሁ፤ እሱ ደግሞ ድምፁን ይጨምራል። ነገሩ ፖሊስ ዘንድ ሊደርስ ሲል አንዲት እናት ቡና አፍልተው ሁለታችንንም ጠሩን። ለካስ ራዲዮው የተንጠለጠለው በእኔ ራስጌ በኩል ባለው ምስማር ላይ ኖሯል! ቆርቆሮው እንደ ከበሮ እንደሚያስተጋባ እሱ አላወቀም፤ እኔም ሄጄ አልነገርሁትም። ራዲዮውን አውርዶ ወዲያኛው ጥግ፣ በታጠፈ ብርድ ልብስ ላይ አስቀመጠው። ከዚያ ሌሊት ጀምሮ ተኛሁ።

ድምፅን በይበልጥ የሚያግደው የግድግዳ ክብደት ነው። አንድ ካሬ ሜትር ቀጭን ቆርቆሮ የሚመዝነው ከ3 እስከ 4 ኪሎ ግራም ያህል ነው። የአገራችን ወፍራም የጭቃ ግድግዳ ግን ከ200 ኪሎ ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ ጎረቤታችን ከበፊቱ ጎረቤት የከፋ ሆኖ አይደለም፤ ግድግዳው ቀሎ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ የሚጮኸውን ነገር ከግድግዳው እናርቅ። ራዲዮና ቴሌቪዥን ቆርቆሮውን አይንኩ። ቡና ስንወቅጥ ከሙቀጫው ሥር የአሮጌ ጎማ ቁራጭ ወይም የታጠፈ ጆንያ እናድርግ። አልጋችንንም ከጋራው ግድግዳ ፈቀቅ እናድርግ።

ሁለተኛ፣ በጋራው ግድግዳ ላይ ያለውን ቀዳዳና ስንጥቅ በጭቃ ወይም በሲሚንቶ እንድፈን። አየር የሚያልፍበት ሁሉ ድምፅ ያልፍበታል። ወደ ውጭ ያለውን የአየር መግቢያ ግን አትንኩ፤ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት ከተማ የታፈነ ቤት ያሳምማል። ጨርቅና ስፖንጅም ከከሰል ምድጃ አጠገብ አትወትፉ። በእንዲህ ያለ ሠፈር እሳት ከቤት ወደ ቤት ይዘላል።

ሦስተኛ፣ አቅም ያለው አከራዩን አስፈቅዶ በራሱ በኩል ሁለተኛ ግድግዳ ያቁም። ወፍራም ኮምፔንሳቶ ለብቻው በቆሙ እንጨቶች ላይ፣ ከቆርቆሮው አራት ጣት ያህል ርቆ ይመታ፤ ጠርዙም ይደፈን። ቆርቆሮው ላይ በቀጥታ ከተመታ ንዝረቱ ያልፋል። የእንቁላል ካርቶን መለጠፍ ግን ድካም ነው፤ የክፍሉን ማስተጋባት ይቀንስ እንጂ የጎረቤትን ድምፅ አያስቀርም።

አራተኛውና ዋናው ገንዘብ አይጠይቅም፤ እርሱም ስምምነት ነው። ማን መቼ እንደሚተኛ እንጠያየቅ። በሙቀቱ ወራት ብዙዎቻችን ውጭ ምንጣፍ ዘርግተን ስለምናድር ያኔ ግድግዳ የሚባል የለም፤ ያለን ቃላችን ብቻ ነው። በዓሊ አዴና በሆል ሆል መጠለያዎች ላላችሁም ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅማችሁ ይኸው ነው።

ይህ የይሉኝታ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1225 ባለቤት የሆነ ሰው እንኳ ከመልካም ጉርብትና ባለፈ ድምፅና ንዝረት ጎረቤቱን እንዳያውክ ይከለክላል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ1999 እ.ኤ.አ. ለመኝታ ክፍል የመከረው 30 ዴሲቤል ነው፤ ተራ ጭውውት 60 ያህል ይደርሳል። እንቅልፍ የጤና ጉዳይ ነው።

ወገኖቼ፣ ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባላል። በስደት ግን ዘመዱም ጎረቤቱም ያው አንድ ሰው ነው። ሌሊት ልጅ ቢታመም ቀድሞ የሚደርስልን ከቆርቆሮው ማዶ ያለው ነው። ስለዚህ ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ ራዲዮናችሁ የት እንደተቀመጠ ተመልከቱ። ነገ ደግሞ ግድግዳውን ሳይሆን የጎረቤታችሁን በር አንኳኩ።