የባዕድ አገር እንግዳ ሲመጣብን
(በእድሩ ስብሰባ ላይ የእድሩ ጸሐፊ ያደረጉት ንግግር)



ጥምቀት ሲደርስ ከተማችን በእንግዳ እንደምትሞላ ታውቃላችሁ። የሚመጣው ታዲያ ሁሉም ክርስቲያን አይደለም። ባለፈው ዓመት አንድ የቱርክ አገር ሰው ከአንዲት እናታችን ቤት ቡና ሊጠጣ ገባ። በዓል ነውና ዶሮ ወጥ ቀረበ። አስጎብኚው ልጅ «እማማ፣ እስላም ነው እኮ» ሲላቸው ደነገጡና ሳህኑን አነሡት። ሰውየው ግራ ገባው። በአገሩ ሕዝቡ አብዛኛው ሙስሊም ስለሆነ ሥጋውን ማን አረደው ብሎ የሚጠይቅ የለም። እኛ ዘንድ ግን አንዱ በስመ አብ፣ አንዱ ቢስሚላህ ብሎ ያርዳል፤ አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም። ይህን ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቀዋል።

እማማ ምን አደረጉ? ሽሮ አስቀረቡ፤ ልጅ ልከው ሙስሊም ጎረቤታቸውን አስጠሩ። ጎረቤትየዋም እንግዳውን ወስደው ሥጋውን ከቤታቸው አበሉት። ሰውየው ከሁለት ቤት በላ ማለት ነው።

ከዚያ በፊት ግን ሰላት ደርሶበት በየት በኩል እንደሚሰገድ ጠይቆ ነበር። መካ ከቱርክ ወደ ደቡብ ነው፣ ከጎንደር ግን ወደ ሰሜን። በልማዱ ቢሄድ ጀርባውን ሰጥቶ በሰገደ። በእጃቸው ያመለከቱት እማማ ናቸው፤ ስንት ዘመን ጎረቤታቸው ሲሰግዱ አይተዋላ!

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። አፄ ፋሲል፣ ምጽዋ በቱርኮች እጅ ስለነበረች ሌላ የባሕር መንገድ ይሹ ነበርና፣ የየመኑ ኢማም መልእክተኛ ሐሰን አል ሐይሚ በ1648 (በፈረንጅ አቆጣጠር) ጎንደር መጣ። በድንጋይና በኖራ የተሠራውን ግንብ አድንቆ ጽፎልናል። በ1770 ደግሞ የስኮትላንዱ ጀምስ ብሩስ፣ የምጽዋው ናይብ ስጦታ እየጠየቀ ካጉላላው በኋላ ጎንደር ሲደርስ፣ መጀመሪያ ያረፈው በሙስሊሞቹ ሰፈር ነው። ክርስቲያኑን ፈረንጅ ያሳደሩት እነርሱ ናቸው።

ሁሉም ጥሩ ነበር አልልም። በ1668 በአፄ ዮሐንስ ጊዜ የተሰበሰበው ጉባኤ ሙስሊሞች ተለይተው እንዲኖሩ ወስኗል። በእኛም ዕድሜ ሚያዝያ 18 ቀን 2014 ዓ.ም. በዚህችው ከተማ በቀብር ላይ የብዙ ሰው ሕይወት ጠፍቷል። ስለ ቀብር እድርተኛ ምን ይነገረዋል? ከዚያ ወዲህ በሰርግ ጊዜ ለሙስሊም ጎረቤት በጉን ሰጥቶ በራሱ እጅ ማሳረድ፣ ድስቱንም ለይቶ ማሠራት በአንዳንድ ቤት እየቀረ ነው። ደጋሹ «ይመጡ ይሆን?» ይላል፤ ጎረቤቱ ደግሞ «ይጠሩን ይሆን?» ይላል። እንዲህ እየተባለ ሁለቱም ከቤቱ ይቀራል።

ስለዚህ ለመጪው ጥምቀት እንግዳ የምትቀበሉ ቤቶች እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ስማችሁን ለእኔ አስመዝግቡ። ለሙስሊም እንግዶች ሁለት በግ እድሩ እንዲገዛ ሐሳብ አቀርባለሁ። አራጆቹና ወጥ ሠሪዎቹ ሙስሊም አባሎቻችን እንዲሆኑ፣ ድስትና ቢላዋውንም ራሳቸው እንዲያመጡ ዛሬውኑ እንነጋገርበት።